የጤና መድን ደብተር ለማውጣት ለሚያስቡ የደሴና የኮምቦልቻ ቤተሰቦች፦ ማን መግባት ይችላል፣ ምዝገባውስ እንዴት ይከናወናል?

ወሎ ውስጥ ቅሬ (በሌላው አካባቢ እድር የሚባለው) የሌለው ቤት ማግኘት ይከብዳል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድ ቅሬ ይቀባበራል፤ ድንኳኑና ድስቱ የጋራ ነው፤ መዋጮውም በሰፈሩ ሰው ሞተም አልሞተም ይከፈላል። ሬሳ ቤት ካደረ በኋላ «ዛሬ መዝግቡኝ» ብሎ ወደ ቅሬው ሰብሳቢ የሚሄድ ሰው የለም፤ ቢሄድም የሚቀበለው አይኖርም፤ ሁሉም ሐዘን ሲደርስበት ብቻ የሚገባ ቢሆን ኖሮ ድንኳኑ ከቶ ባልተገዛ ነበር። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንም የቆመው በዚሁ መሠረት ላይ ነው። ቤተሰቦች በጤናቸው ጊዜ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ያስገባሉ፤ መንግሥት ድጎማ ይጨምርበታል፤ ከመካከላቸው የታመመው ሰው ውል በተገባባቸው የመንግሥት ጤና ተቋማት ሲታከም ወጪው ከዚያ የጋራ ቋት ይሸፈናል።

ሥርዓቱ ለአካባቢያችን እንግዳ አይደለም። በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በወቅቱ በነበረው የደቡብ ክልል በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር፣ ከአማራ ክልል ከተመረጡት ሦስት ወረዳዎች አንዱ ከደሴ ወደ ሐይቅ ሲኬድ የሚገኘው ተሁለደሬ ነበር፤ ሌሎቹ ፎገራና ደቡብ አቸፈር ናቸው። ስለዚህ ከተሁለደሬ ዘመድ ያለው የደሴ ሰው ስለ ጤና መድን ከማንም በፊት ሰምቷል ማለት ይቻላል። ሆኖም መስማትና አሠራሩን ማወቅ የተለያዩ ናቸው። እስካሁን ባየሁት፣ በመድኑ ሳይጠቀሙ ከቀሩት ሰዎች ብዙዎቹ የቀሩት ሕጉ ከልክሏቸው አይደለም፤ ዘግይተው በመምጣታቸው፣ የቤተሰባቸውን ስም አሟልተው ባለማስመዝገባቸው ወይም ደብተራቸውን በወቅቱ ባለማሳደሳቸው ነው። ይህን መመሪያ ለመጻፍ ያነሣሣኝም ይኸው ነው፤ ሦስቱም አስቀድሞ ቢታወቁ በቀላሉ የሚታረሙ ናቸውና።

ማን መግባት ይችላል

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የተዘጋጀው በገጠር ለሚኖረው አርሶ አደርና በከተማ ቋሚ ደመወዝ ሳይኖረው በራሱ ሥራ ለሚተዳደረው ሰው ነው። በደሴ ሰኞ ገበያ አትክልት የምትሸጥ እናት፣ በፒያሳ ጫማ የሚጠርግ ወጣት፣ ልብስ ሰፊ፣ የጀበና ቡና የምታፈላ ሴት፣ የባጃጅ ሹፌር፣ የቀን ሠራተኛ፣ በኮምቦልቻ ከአውቶቡስ መናኸሪያው አካባቢ ሱቅ በደረቴ ይዞ የሚዞር ልጅ፣ ከቦርከና ዳር ጓሮ አትክልት የሚያለማ ገበሬ፣ ሁሉም በዚህ ውስጥ ይካተታሉ። ዕድሜ አይገድብም፤ ቀድሞ መታመምም አይከለክልም። ስኳር፣ የደም ግፊት ወይም አስም ያለበት ሰው በግል የመድን ድርጅት በር ላይ ሊጠየቅ የሚችለው ዓይነት የጤና ምርመራ እዚህ አይጠየቅም። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ብዙ ሰው ግን አያውቀውም፤ «እኔማ በሽተኛ ነኝ፣ ማን ይቀበለኛል» ብለው ቤታቸው የተቀመጡ አረጋውያን አጋጥመውኛል።

የመንግሥት ሠራተኛ፣ የድርጅት ቋሚ ተቀጣሪና ጡረተኛ ግን በሌላ ሕግ ይታያሉ። ለእነርሱ የታሰበው በአዋጅ ቁጥር 690/2002 የተደነገገው ማኅበራዊ ጤና መድን ሲሆን፣ መዋጮው ከደመወዝና ከአሠሪው እንዲሰበሰብ፣ ሽፋኑም የትዳር ጓደኛንና ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን እንዲጨምር ሆኖ የተቀረጸ ነው። ይህ ጉዳይ በተለይ ኮምቦልቻ ላይ ይነሣል፤ በከተማዋ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ የቢራ ፋብሪካና በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ስላሉ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ አንዱ ተቀጣሪ ሌላው ነጋዴ ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው። በፋብሪካ በቋሚነት የምትሠራ ልጅ አሠሪዋ ምን ዓይነት የሕክምና ሽፋን እንደሚሰጣት በመጀመሪያ የሰው ኃይል ክፍሉን ትጠይቅ፤ ከወላጆቿ ጋር የምትኖር ከሆነ ደግሞ ወላጆቿ በራሳቸው ስም አባወራና እማወራ ሆነው መመዝገብ ስለሚችሉ የእርሷ መቀጠር እነርሱን ሊያስቀራቸው አይገባም።

ሌላው በተደጋጋሚ የሚነሣ ጥያቄ የመኖሪያ ቦታ ነው። አባልነቱ የሚያዘው በሚኖሩበት ወረዳ ወይም ከተማ ሲሆን፣ ከጤና ተቋማት ጋር ውል የሚገባውም የዚያው የከተማ ወይም የወረዳ መድን ነው። ከኩታበር፣ ከወረባቦ ወይም ከቃሉ መጥቶ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ቤት ተከራይቶ የሚኖር ሰው የትውልድ ቀበሌው ደብተር ከተማው ውስጥ እንደልቡ ይሠራልኛል ብሎ መተማመን የለበትም። ኑሮው ወደ ከተማው ከዞረ መሸኛ አምጥቶ የሚኖርበት ቀበሌ ነዋሪ ይሁንና ምዝገባውንም እዚያው ያድርግ። ይህ አሰልቺ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ነገር ግን ማታ ልጅ አቅፎ ጤና ጣቢያ በር ላይ ከመከራከር እጅግ ይሻላል።

ቤተሰብ የሚባለው ማን ነው

በምዝገባው ውስጥ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ዋናው ነጥብ እዚህ ላይ ነው። የጤና መድን የሚገባው ሰው ሳይሆን ቤተሰብ ነው። የታመመውን አንድ ሰው ብቻ ነጥሎ ማስመዝገብ አይቻልም፤ ምክንያቱም ሁሉም ቤት በሽተኛውን ብቻ ቢያስገባ ቋቱ በጥቂት ወራት ይራቆታል። ስለዚህ በመሠረታዊው መዋጮ አባወራው ወይም እማወራዋ፣ የትዳር ጓደኛና ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች አንድ ላይ ይመዘገባሉ። በቤቱ የሚኖሩ ከ18 ዓመት በላይ የሆኑ ልጆች፣ አያቶችና ሌሎች ዘመዶች በዚያ መዋጮ ውስጥ አይገቡም፤ ለእያንዳንዳቸው ተጨማሪ ክፍያ ተከፍሎ ስማቸው በደብተሩ ላይ ሲሰፍር ግን ይሸፈናሉ።

እናቶቻችን ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት በዚህ ላይ ነው። ለእናት ልጅ ሁልጊዜ ልጅ ነው፤ በ17 ዓመቱ የተመዘገበው ልጅ በሚቀጥለው ዓመት 18 ሲሞላው ከዝርዝሩ ሊወጣ እንደሚችል የሚያስብ ጥቂት ነው። በዕድሳት ጊዜ የእያንዳንዱን ልጅ ዕድሜ ቆጥረው ይሂዱ። ትምህርቱን ያልጨረሰ፣ ሥራ ያልያዘ፣ ከእርስዎ ጋር የሚበላና የሚያድር ልጅ ከሆነ፣ ተጨማሪውን ከፍለው ስሙን ያጽፉት።

ሕፃን ሲወለድም እንዲሁ ነው። ልደት በተወለደ በ90 ቀናት ውስጥ በቀበሌው የወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት እንዲመዘገብ ሕጉ ያዝዛል፤ በዚያው መንገድ የልደት ምስክር ወረቀቱን ይዘው ወደ ጤና መድኑ ባለሙያ ጎራ ቢሉና የሕፃኑን ስም ቢያስገቡ ሁለቱ ጉዳዮች በአንድ ቀን ያልቃሉ። ባልና ሚስት ከተለያዩም ደብተሩ ከአንዱ ጋር ብቻ እንዳይቀር፣ እማወራ ሆና የቀረችው ሴት ከልጆቿ ጋር በራሷ ስም ልትመዘገብ ትችላለች።

ከዓረብ አገር የሚደውሉ ልጆችን ጥያቄ ሳልመልስ ባልፍ ለወሎ ሰው መጻፌ ጎደሎ ይሆናል። ጂዳ ወይም ቤይሩት የምትሠራ ልጅ «ለእማዬ የጤና መድን ላስገባላት እፈልጋለሁ፣ እኔ ግን እዚያ የለሁም» ስትል፣ መልሱ ቀላል ነው፤ እርሷ መኖር አያስፈልጋትም። እናቲቱ እማወራ ናት፤ የምትመዘገበውም በራሷ መታወቂያ ነው። ልጅቱ ገንዘቡን ትልካለች፣ እናትየዋ ወይም ታናሽ ወንድም ቀበሌ ሄዶ ይከፍላል። ልጅቱ በቤቱ ስለማትኖር በደብተሩ ላይ መጻፍም፣ ለእርሷ ተጨማሪ መክፈልም አያሻም። ይልቁንም ደረሰኙን በስልክ ፎቶ አንሥተው እንዲልኩላት ትጠይቅ፤ ገንዘቡ ለታሰበለት ጉዳይ መዋሉን እዚያው ሆና ታያለች።

መክፈል ለማይችሉ

አቅም የሌላቸው ቤተሰቦች መዋጮውን መንግሥት ይከፍልላቸዋል። ይህ ለድኻው የሚደረግ ልመና አይደለም፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ በሥርዓቱ ውስጥ የተቀመጠ መብት ነው፤ ደብተሩም ከፍሎ ከገባው ሰው ደብተር እኩል ያሳክማል። ልየታው የሚካሄደው በቀበሌ ደረጃ ሲሆን፣ ማን በእርግጥ አቅም እንደሌለው ጎረቤት ስለሚያውቅ የነዋሪው ምስክርነት ይሰማል። የሚመረጠው ሰው ብዛት ግን በተያዘው በጀት የተወሰነ ስለሆነ፣ ዝርዝሩ ሲዘጋጅ ስሙ ያልተነሣ ሰው ዓመቱን ሙሉ ሊጠብቅ ይችላል።

ስለዚህ ጎረቤትዎ አቅመ ደካማ ከሆነች፣ ልጅ ከሌላት፣ ወይም ቀበሌ ድረስ ሄዳ የምትጠይቅላት ሰው ካጣች፣ ልየታው ሳይዘጋ ስሟን የሚያነሣላት እርስዎ ይሁኑ። ለቀበሌው አስተዳደር ወይም በሰፈሩ ለምትዞረው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ይንገሩ። በከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት የታቀፉ ቤተሰቦችም አንድ ነገር ያስተውሉ፤ ደሴ ፕሮግራሙ መጀመሪያ ከተተገበረባቸው 11 ከተሞች አንዷ በመሆኗ ብዙ ቤተሰብ ስሙ በዚያ መዝገብ አለ፤ ነገር ግን የሴፍቲኔት መዝገብና የጤና መድን መዝገብ አንድ አይደሉም። በአንዱ መኖር በሌላው መኖርን ስለማያረጋግጥ ለየብቻ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ምዝገባው እንዴት ይከናወናል

የምዝገባና የዕድሳት ንቅናቄው በየዓመቱ የሚካሄድ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚውለው መኸር ከገባ በኋላ ባሉት ወራት ነው፤ ገበሬው እህሉን ሸጦ እጁ ላይ ገንዘብ የሚኖረው ያን ጊዜ በመሆኑ ነው። የከተማ ነዋሪ ደመወዝም እህልም ስለማይጠብቅ ይህ ወቅት በልቡ አይመዘገብም፤ በዚህ ምክንያት የድምፅ ማጉያው በሰፈሩ ሲያልፍ ሰምቶ የሚረሳው ብዙ ነው። ከመስከረም ጀምሮ ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት በሄዱ ቁጥር «ምዝገባው መቼ ተጀምሮ መቼ ያበቃል?» ብለው መጠየቅን ልማድ ያድርጉ።

የመዋጮው መጠን ለከተማና ለገጠር የተለያየ ነው፤ በየጊዜውም ይሻሻላል። በመሆኑም ባለፈው ዓመት የከፈሉትን ቆጥረው ብቻ አይሂዱ፤ የዘንድሮውን ይጠይቁ፤ ለተጨማሪ የቤተሰብ አባል ስንት እንደሚከፈልና አዲስ አባል የመመዝገቢያ ክፍያ እንዳለበትም አብረው ይጠይቁ። ከዚያ የቤቱን ሰው ሁሉ ስም፣ ዕድሜና ዝምድና በአንድ ወረቀት ላይ ከቤትዎ ጽፈው ይሂዱ። የቀበሌ መታወቂያ ወይም የፋይዳ መታወቂያ፣ የአባላቱ ጉርድ ፎቶግራፍና የልጆቹ የልደት ምስክር ወረቀት ካለ ይያዙ። ስሞቹ በመታወቂያው ላይ እንደተጻፉት ይጻፉ። በሰፈር «እንዬ» የምትባለው ሴት በመታወቂያዋ ሌላ ስም ካላት፣ በደብተሩ ላይ የሚሰፍረው የመታወቂያዋ ስም ይሁን፤ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ያለው ሠራተኛ የሚያመሳክረው ሁለቱን ነውና።

ገንዘቡን የሚከፍሉት ሕጋዊ ደረሰኝ ለሚቆርጥልዎት ሰው ብቻ ነው። ገንዘብ ሰብሳቢው የሚያውቁት የሰፈር ልጅ ቢሆንም፣ «ደረሰኙን ነገ አመጣልዎታለሁ» ቢልዎትም፣ ደረሰኙ እስኪመጣ ገንዘቡ ኪስዎ ይቆይ። በደረሰኙ ላይ ስምዎ፣ የገንዘቡ መጠን፣ ቀኑና የተከፈለበት ዓመት መጻፋቸውን እዚያው ቆመው ያንብቡ፤ ማንበብ የማይችሉ ከሆነ ልጅ ያስነብቡ። ደብተሩ ሲሰጥዎትም ሥራ ላይ የሚውልበትን የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀን ይጠይቁ። ከከፈሉበት ዕለት ጀምሮ ወዲያውኑ ይሠራል ብለው አይገምቱ።

ዕድሳት፣ እና አንድ ጎረቤቴ የገጠማት

ከዚህ በፊት ስለ ማኅተም ስሰማ ተራ ነገር ይመስለኝ ነበር። ሰኞ ገበያ ጎመንና ቃሪያ የምትሸጥ ጎረቤቴ አንድ ጠዋት ልጇን ይዛ ጤና ጣቢያ ሄደች፤ እኔም አብሬያት ነበርኩ። ልጁ የ19 ዓመት ወጣት ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲያተኩሰውና ሲያንቀጠቅጠው አድሮ ፊቱ ገርጥቷል። እናትየዋ ደብተሩን ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ አወጣች፤ በላስቲክ ጠቅልላ ስለያዘችው ዳሩ እንኳ አልተጠቀለለም። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ገጾቹን ገልጣ የዕድሳቱ ዓምድ ላይ ቆመች። የዓምናው ማኅተም አለ፤ የዘንድሮው ቦታ ባዶ ነው። «እማማ፣ ይሄ አልታደሰም» አለች። «ከፍያለሁ እኮ ልጄ፣ በጥር ነው የከፈልኩ» ብላ ጎረቤቴ መለሰች፤ ድምፅዋ ውስጥ ያለው እፍረት እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ፤ ያልከፈለች ሰው መስላ መታየቷ ከበሽታው በላይ ከብዷት ነበር። «አብሽሪ እማማ» ብዬ ደረሰኙ የት እንዳለ ጠየቅኋት። ቤት፣ የበርበሬ ጣሳ ሥር። ሮጬ አመጣሁት፤ ከቀበሌው ማኅተም ተደረገ።

ነገር ግን ሁለተኛው ችግር አልተፈታም፤ በአባላቱ ዝርዝር ውስጥ የልጁ ስም አልነበረም። 18 ዓመት ስለሞላው በዕድሳቱ ጊዜ ተሰርዟል፤ ለእርሱ ተጨማሪ መክፈል እንዳለባት የነገራት ሰውም የለም። የዚያን ዕለት የምርመራውም የመድኃኒቱም ሒሳብ ከኪሷ ወጣ። ከዚህ ሁለት ነገር ተምሬያለሁ። ደረሰኝ ገንዘብ መክፈልዎን ያስረዳል እንጂ በጤና ጣቢያው ፊት ደብተሩን አያሳድስም፤ የከፈሉ ዕለት ማኅተሙን ወይም የዕድሳቱን ምልክት ሳያስደርጉ ከቢሮው አይውጡ። እንዲሁም ከመውጣትዎ በፊት የአባላቱን ስም አንድ በአንድ ጣትዎን እያሳረፉ ይቁጠሩ።

ጤና ጣቢያው ያልታደሰ ደብተር የማይቀበልበትን ምክንያት ማወቅም ይጠቅማል፤ ሠራተኛዋ ክፉ ሆና አይደለም። ጤና ተቋሙ አባላቱን ካከመ በኋላ የእያንዳንዱን ሕክምና ሒሳብ አዘጋጅቶ ለመድኑ የክፍያ ጥያቄ ያቀርባል፤ መድኑም መዝገቡን መርምሮ ይከፍላል። አባልነቱ ባልታደሰ ወይም ስሙ በዝርዝሩ በሌለ ሰው የቀረበ ሒሳብ ውድቅ ይደረጋል፤ ጉዳቱም በጤና ጣቢያው በጀት ላይ ይወድቃል። የታደሰ ደብተርና የተሟላ ስም ለታካሚውም ለተቋሙም ዋስትና የሚሆኑት ለዚህ ነው።

ዕድሳት ለሚያልፍበት ሰው ሌላም ጉዳት አለ። ዓመቱ ሳይታደስ ካለፈ በመሃሉ ሲታመሙ ሄዶ ማስቀጠል እንደሚያስቡት ቀላል አይደለም፤ ቀጣዩን የምዝገባ ወቅት መጠበቅ ሊኖርብዎት ይችላል። «ዘንድሮ ማንም አልታመመ፣ ገንዘቤ ባከነ» የሚል ሐሳብ ሲመጣም ስለ ቅሬው ያስቡ፤ ዓመቱን ሙሉ በቤታችን ለቅሶ ባለመቀመጡ መዋጯችን ባከነ የሚል ሰው አላየሁም።

ታምመው ሲሄዱ

መጀመሪያ የሚሄዱት በአቅራቢያዎ ወዳለው፣ መድኑ ውል ወደያዘበት ጤና ጣቢያ ነው። ጤና ጣቢያው ከአቅሙ በላይ ሲሆንበት የሪፈር ወረቀት ጽፎ ወደ ሆስፒታል ይልክዎታል፤ በደሴ አካባቢ ይህ ማለት ብዙውን ጊዜ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ወይም ደሴ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው። ያለ ሪፈር በቀጥታ ወደ ሆስፒታል የሄደ አባል ግን ሽፋኑን በሙሉ ወይም በከፊል ሊያጣ ይችላል። የሪፈር ወረቀቱ ላይ ማኅተምና ቀን መኖሩን ይመልከቱ፤ ቅጂውንም ይያዙ፤ ሆስፒታሉ ለቀጠሮ ሲመልስዎት እንደገና ይጠየቃሉ። ሕይወትን የሚያሰጋ ድንገተኛ ነገር ሲደርስ ግን ወረቀት አይጠበቅም፤ በሽተኛውን በቅርብ ወዳለው የድንገተኛ ክፍል ያድርሱ፤ ደብተሩን ከቤት ሌላ ሰው ተከትሎ ያምጣው።

መድኃኒት በተቋሙ መድኃኒት ቤት ሲጠፋ ምን ይደረጋል የሚለው አሁን ትልቁ የአባላት ቅሬታ ነው፤ ቅሬታው እውነት ስለሆነም አላድበሰብሰውም። ኅዳር 2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት የደሴ ሆስፒታልን ጨምሮ የአካባቢው ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ መሣሪያና መድኃኒት መልሶ ማሟላት ጊዜ የሚወስድ ነው፤ የመድኃኒት እጥረት ደግሞ ከዚያም በፊት ነበረ። ሐኪሙ ያዘዘልዎት መድኃኒት ከሌለ፣ «የለም» መባሉ በማዘዣው ላይ እንዲጻፍና ማኅተም እንዲደረግበት ይጠይቁ። ከዚያ ከመግዛትዎ በፊት መድኑ ውል የያዘበት ሌላ መድኃኒት ቤት እንዳለ፣ ከሌለም ከውጭ የተገዛ መድኃኒት ዋጋ ተመላሽ እንደሚደረግ የከተማውን የጤና መድን ክፍል ይጠይቁ። ተመላሽ የሚጠየቀው በሕጋዊ ደረሰኝ ብቻ ስለሆነ፣ ከመድኃኒት ቤቱ ሕጋዊውን ደረሰኝ ሳይቀበሉ አይውጡ። ማዘዣው፣ ደረሰኙና የደብተሩ ቅጂ አንድ ላይ ይቀመጡ።

መድኑ የማይሸፍናቸውን ነገሮች አስቀድሞ ማወቅ ከብስጭት ያድናል። መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ለውበት የሚደረግ ቀዶ ሕክምና፣ የአካል ንቅለ ተከላና ውጭ አገር የሚደረግ ሕክምና በሽፋኑ ውስጥ አይደሉም። በመኪና አደጋ የተጎዳ ሰው በመጀመሪያ የሚመለከተው የመኪናው የሦስተኛ ወገን መድን ነው፤ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ የሚመላለስ ሰው ይህን ቢያውቅ መልካም ነው። በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ሕክምናም በአሠሪው ላይ የሚወድቅ ግዴታ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ማንም ሰው መድን ኖረውም አልኖረው በነፃ የሚያገኛቸው አገልግሎቶች አሉ፤ የእርግዝና ክትትልና ወሊድ፣ የሕፃናት ክትባት፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ የሳንባ ነቀርሳና የኤች አይ ቪ ሕክምና ከእነዚህ መካከል ናቸው። ለእነዚህ ደብተር ባይኖርዎትም ከመሄድ አይቆጠቡ።

ችግር ሲገጥም

ስም ቢሳሳት፣ ደብተር ቢጠፋ፣ ወይም አገልግሎት ያለአግባብ ቢከለከሉ፣ በመጀመሪያ የሚያናግሩት የቀበሌውን የጤና መድን ተጠሪ፣ ቀጥሎም በከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት ሥር ያለውን የጤና መድን ክፍል ነው። እዚያም ካልተፈታ የኢትዮጵያ ጤና መድን አገልግሎት በደሴ ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት አለው። ሲሄዱ በቃል ብቻ አይሂዱ፤ ቀኑንና የተባሉትን በአንድ ገጽ ማመልከቻ ይጻፉ፤ የተቆረጠልዎትን ደረሰኝ ቅጂም ያያይዙ። ማመልከቻው ገቢ መደረጉን የሚያሳይ ቁጥር በራስዎ ቅጂ ላይ ያስጽፉ።

ለጎረቤቴ በዚህ ዓመት ያደረግነው ይህ ነው። ምዝገባው በተከፈተ በሁለተኛው ቀን ልጇንና እርሷን ይዤ ቀበሌ ሄድን። የሦስቱን ታናናሽ ልጆች ስም ከልደት ወረቀታቸው ጋር አመሳከርን፤ ለትልቁ ተጨማሪ ተከፈለለት፤ ደረሰኙ በስሟ ተቆረጠ፤ ማኅተሙ እዚያው ተመታ። ባለሙያው ደብተሩን ሲመልስላት ወዲያው አልጠቀለለችውም፤ ገልጣ ለትልቁ ልጇ ሰጠችውና «አንብብልኝ» አለችው። ልጁ የአምስቱንም ስም ጮክ ብሎ አነበበ፤ የራሱ ስም መጨረሻ ላይ ነበር። ከዚያ ተቀብላ በላስቲኩ ጠቀለለችው።